ቆጣሪው፣ ፈላጊው እና የረጠበው መጽሐፍ

ለብዙ ዓመታት ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ የማየው አንድ ቁጥር ነበር፤ ትናንት ድረ ገጼን የጎበኘው ሰው ብዛት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቀኑ ብሩህ ይሆንልኛል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ማን እንዳስቀየመኝ ሳላውቅ ተቀይሜ እውላለሁ። ድረ ገጹ ስለ ንባብና ስለ አሮጌ መጻሕፍት አያያዝ የምጽፍበት ትንሽ ቦታ ነው፤ ማስታወቂያ የለበትም፣ የሚሸጥበትም ነገር የለም። ስለዚህ የጎብኚው መብዛትም ሆነ ማነስ ወደ ኪሴ የሚያስገባው፣ ከኪሴም የሚያወጣው ነገር አልነበረም። ይህን እያወቅሁ ቁጥሩን በቀን አሥር ጊዜ መክፈቴን አልተውሁም። ከዚህ ቁጥር ጋር እንዴት እንደተዋወቅን፣ በምን እንደተጣላን፣ በኋላም በምን ውል እንደታረቅን ለመጻፍ የተነሣሁት አሁን ትንሽ ራቅ ብዬ ማየት ስለቻልሁ ነው።

ትውውቃችን የጀመረው በገጹ ግርጌ በለጠፍኋት ቆጣሪ ነው። እንደ መኪና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ አኃዝ የምታሳይ፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንድ የምትጨምር ትንሽ ምስል ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ ድረ ገጾች ላይ እንደ ጌጥ የምትታየው ዓይነት። ይህች ቆጣሪ የመጣው ማን እንደሆነ አትጠይቅም። እኔው ራሴ አንድ የፊደል ስሕተት ለማረም ገጹን ሃያ ጊዜ ብከፍተው ሃያ ጎብኚ ትመዘግብልኛለች፤ እኔም ማታ ላይ ሃያውን ጎብኚ አይቼ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።

ከእርሷ ቀጥሎ የሰርቨሩን ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር ሎግ (መዝገብ) ማንበብ ተማርሁ። ሰርቨሩ የቀረበለትን ጥያቄ ሁሉ በአንድ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ጥያቄው በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ከየትኛው የአይፒ አድራሻ (የጠያቂው የኢንተርኔት ቁጥር) እንደተነሣ፣ የትኛው ፋይል እንደተጠየቀ፣ ጠያቂው ራሱን ማን ብሎ እንደሚጠራ ሁሉ እዚያ ይገኛል። አንድ ሰው አንድ ገጽ ሲከፍት ጽሑፉ በአንድ መስመር፣ እያንዳንዱ ምስል በየራሱ መስመር፣ የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይልም በሌላ መስመር ስለሚመዘገብ፣ ብዙ ሥዕል ያለበት ገጽ አንድ አንባቢ ሲያገኝ ደርዘን «ሂት» ያስቈጥራል። «ድረ ገጻችን በወር ይህን ያህል ሂት አለው» እያሉ ይኩራሩ የነበሩ ሰዎች ምን ሲቈጥሩ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ሎጉ ከዚህ የባሰ ወሬም ነበረው። ከመስመሮቹ እጅግ ብዙዎቹ የሰው አልነበሩም። የፍለጋ ሞተሮቹ የጎግልና የቢንግ ቦቶች (ገጾችን በራሳቸው የሚያነብቡ ፕሮግራሞች) ገጽ ከገጽ እየዘለሉ ያነብባሉ፤ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሌሎች ሮቦቶች ይከተላሉ፤ ከእነዚህ ጀርባ ደግሞ እኔ በሰርቨሬ ላይ ያልጫንሁትን ፕሮግራም መግቢያ በር እየፈለጉ የሚያንኳኩ፣ ክፍት ቀዳዳ ካገኙ ሊገቡ የተዘጋጁ አሉ። አንዳንዶቹም የጎግል ቦት ነን ብለው ስም ይሰርቃሉ፤ እውነተኛው የሚለየው አይፒ አድራሻው በዲኤንኤስ (ስምንና አይፒ አድራሻን በሚያዛምደው መዝገብ) ወደ ኋላ ተፈትሾ የጎግል መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እኔ ሕዝብ መስሎኝ የተደሰትሁበት ግርግር ከሞላ ጎደል የማሽን ኮቴ ነበር። ጎብኚው ከየት እንደመጣ በሚያመለክተው ዐምድ ውስጥም ቢሆን ሐሰት ሞልቶበታል፤ ባለቤቱ ሎጉን ሲያነብ ተገርሞ ጠቅ እንዲያደርግ ብለው የራሳቸውን አድራሻ እዚያ የሚተክሉ ነበሩ፤ እኔም ገርሞኝ ጠቅ አድርጌ አውቃለሁ። (ያ ዐምድ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኤችቲቲፒ (ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) ሰነድ ውስጥ አንዲት ፊደል ጎድላው የገባ ሲሆን፣ ስሕተቱ እስከ ዛሬ ሳይታረም የዓለም ማሽኖች ሁሉ እንደተሳሳተ ይጽፉታል። ስለ ፊደል ስሕተት ወደ በኋላ እመለስበታለሁና ይህችን ያዙልኝ።)

ማሽኑን ከሰው ለመለየት ስል እንደ ብዙው ሰው ወደ ጎግል የጎብኚ መቁጠሪያ መሣሪያ፣ ወደ ጎግል አናሊቲክስ ሄድሁ። ይህ መሣሪያ ጎግል ኧርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 በነጻ ያቀረበው ሲሆን፣ የሚቈጥረውም በሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በአንባቢው ብሮውዘር ውስጥ በምትሮጥ ትንሽ ኮድ ነው። ብዙዎቹ ቦቶች ያችን ኮድ ስለማያስኬዱ ቁጥሬ በአንድ ሌሊት ወደቀ። ሕመሙን ግን ግራፉ አስረሳኝ፤ ከተሞች፣ የስልክ ዓይነቶች፣ ሰዓታት፣ በቀለም የተለዩ ክቦች። ከሁሉ በላይ የያዘኝ «ባውንስ ሬት» የሚሉት ነበር፤ አንድ ገጽ ብቻ ከፍተው የሚሄዱት በመቶ ስንት እንደሆኑ የሚነግረው። የኔ ከፍተኛ ነበር፤ አማካይ የቆይታ ጊዜውም እጅግ አጭር። ሰው መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ የሚመለስ መሰለኝ፤ ጽሑፎቼን አሳጠርሁ፣ አንዱን ጽሑፍ በሁለት ገጽ ከፈልሁ፣ በየአንቀጹ መካከል «ይህንንም ያንብቡ» የሚል ሊንክ ተከልሁ። እንዲህ ማድረጌ አንባቢን ማንገላታት መሆኑን ቁጥሩ አልነገረኝም፤ ቁጥሩማ ተሻሻለ።

ቆይታው እንዴት እንደሚሰላ ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። የድሮው አናሊቲክስ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ የቆየበትን ጊዜ የሚያውቀው ቀጥሎ የከፈተውን ገጽ አይቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ የተከፈተበት ሰዓት ከሁለተኛው ይቀነሳል። ሁለተኛ ገጽ ከሌለ የሚቀነስበት የለምና ቆይታው ዜሮ ይሆናል። ረጅሙን ጽሑፌን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃያ አምስት ደቂቃ ወስዶ አንብቦ፣ የፈለገውን አግኝቶ፣ ገጹን ዘግቶ የሄደ ሰው በመዝገቡ ላይ ዜሮ ሰከንድ ቆይቶ የሸሸ ሰው ነው። የልፋቴ ፍሬ የሆነውን አንባቢ እንደ ውድቀቴ ማስረጃ ስቈጥረው ኖርሁ ማለት ነው። ይህን ባወቅሁበት ቀን የተሰማኝ ንዴት በመሣሪያው ላይ አልነበረም፤ መሣሪያው ትርጉሙን በመመሪያው ላይ በግልጽ ጽፎት ነበርና። ያላነበብሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ስለ ንባብ እየጻፍሁ።

ኋላ ላይ መሣሪያው ራሱ ተለወጠ። የድሮው ቅጂ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2023 መቁጠሩን አቆመ፤ ከዓመት በኋላም የቀድሞው መረጃ እንዳይከፈት ሆነ። የተተካው ቅጂ ከአሥር ሰከንድ በላይ የቆየን፣ ወይም ሁለት ገጽ ያየን፣ ወይም ባለቤቱ ቁልፍ ነው ያለውን ድርጊት የፈጸመን ጎብኚ «በንቃት የተሳተፈ» ይለዋል። አሥር ሰከንድ ከዜሮ ይሻላል፤ ሆኖም አሥር ሰከንድ ማንበብ ነው የሚለው ማን ነው? በዚያው ሰሞን የብዙ ዓመት ግራፌን ሳላስቀምጥ በመቅረቴ ጠፋብኝ። ምን ጎደለህ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ከገጼ ነቀልሁት፤ ግማሹ ምክንያት አንባቢዎቼን ኩኪ (ብሮውዘራቸው ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ መለያ ፋይል) ስለ መቀበል የሚጠይቅ መስኮት ፊታቸው ላይ መደቀን ስላሳፈረኝ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ማስታወቂያ ማገጃ የጫኑ አንባቢዎች ቀድሞም ስለማይቈጠሩ፣ የነበረኝ ቁጥር የሰው ሁሉ ሳይሆን ያልከለከለ ሰው ቁጥር መሆኑን ስለተረዳሁ ነው።

አሁን ወደ ፈላጊው፣ ወደ ፍለጋ ሞተሩ ልምጣ፤ ከቆጣሪው ይልቅ ረጅም ታሪክ ያለን ከእርሱ ጋር ነውና።

የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳወቁት ፔጅራንክ የተባለው ስሌት በመሠረቱ የምስክርነት ስሌት ነው፤ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲያደርግ እንደ መሰከረለት ይቈጠራል፤ የመስካሪው ክብደትም በተራው ለእርሱ በመሰከሩለት ይመዘናል። ለኔ የሚመሰክር ብዙ ስላልነበረ የፍለጋውን ሞገስ በሌላ መንገድ ለማግኘት ጣርሁ። ርእሶቼን ሰው ይፈልገዋል ብዬ በገመትሁት ቃል ሞላሁ። በገጹ ኮድ ውስጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ደረደርሁ፤ ጎግል ያን ዝርዝር ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 በይፋ ከተናገረ በኋላም ቢሆን ለዓመታት እየደረደርሁ ኖሬአለሁ። አንድ አንቀጽ ውስጥ «አሮጌ መጽሐፍ» የሚለውን ሐረግ ሰባት ጊዜ የጻፍሁበት ገጽ አለኝ፤ አሁንም አልሰረዝሁትም፤ ስታበይ እያየሁት እንድመለስ አስቀምጬዋለሁ።

ይህ ሁሉ ብልሃት ያመጣልኝ ሰው እዚህ ግባ አይባልም። ሰው ያመጣልኝ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ በግማሽ ሰዓት የጻፍሁት፣ ውኃ የነካው መጽሐፍ እንዴት እንደሚደርቅ የሚያስረዳ አጭር ማስታወሻ ነው። መጽሐፉን ማቆም፣ ገጾቹን በጥቂቱ መክፈት፣ በየመካከሉ ውኃ የሚመጥ ወረቀት ማስገባትና ወረቀቱ ሲርስ መለወጥ፣ አየር እንዲዘዋወር ማራገቢያ ማድረግ፣ ለማድረቅ ጊዜ ከጠፋ ሻጋታ እንዳይጀምር በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ። ይኸው ነው። ስለ ንባብ ትርጉም ወራት ወስጄ የጻፍኋቸው ጽሑፎች በጠቅላላ ከሚያገኙት አንባቢ ይልቅ ይህች ማስታወሻ ብቻዋን የምታገኘው ይበልጣል። መጀመሪያ ተከፋሁ። ሠዓሊ ተብዬ የምጠራ መስሎኝ ስሄድ የአጥር ቀቢ ሆኜ የተገኘሁ ያህል ነበር። ቆይቶ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ መጽሐፉ ረጥቦበት ምን ላድርግ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በዚያች ሰዓት ማን እንደሆንሁ ግድ የለውም፤ መልሱን ብቻ ይፈልጋል፤ ፈላጊው ሞተርም እርሱንና እኔን ያገናኘን የማንተዋወቅ ሰዎች ስለሆንን ነው። የሚያውቀኝ ሰውማ አድራሻዬን ጽፎ ይመጣል።

ሰዎቹ ምን ብለው ጠይቀው እንደመጡ ማወቅ በድሮው ዘመን ቀላል ነበር፤ የፈለጉት ቃል በሎጉ ላይ በግልጽ ይጻፍ ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2011 ጀምሮ አካውንታቸውን ከፍተው የሚፈልጉ ሰዎችን ፍለጋ፣ በ2013 ደግሞ የሁሉንም በምስጢር ማስተላለፍ ሲጀምር ያ ዐምድ ባዶ ሆነ። አሁን ጥያቄዎቹ የሚገኙት ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው በሰርች ኮንሶል ውስጥ ነው፤ እርሱም የአሥራ ስድስት ወር መረጃ ብቻ ይይዛል፤ በጣም ጥቂት ሰው የጠየቀውን ጥያቄም የጠያቂውን ማንነት ለመጠበቅ ሲል ይደብቃል። ድርጊቱ ትክክል ነው። ለትንሽ ድረ ገጽ ባለቤት ግን አብዛኛው ጥያቄ «ጥቂት ሰው የጠየቀው» ስለሆነ፣ የጠቅታው ድምር ትልቅ ሆኖ ከሥሩ የሚታዩት ጥያቄዎች ሲደመሩ ግማሽ እንኳ የማይሞሉበት ጊዜ አለ።

የተረፉትን ጥያቄዎች ሳነብ ያስደነቀኝ ፊደሉ ነው። «መጽሐፍ»፣ «መፅሐፍ»፣ «መጽሃፍ»፣ «መፅሃፍ»፣ «መጽሀፍ»፣ «መፅሀፍ»፤ ሁሉም በየራሳቸው መስመር፣ በየራሳቸው ቁጥር ቆመዋል። በአንደበት አንድ የሆኑት ጸና ፀ፣ ሀና ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ በዩኒኮድ (ለኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር በሚለየው ሥርዓት) ውስጥ እያንዳንዳቸው የተለየ ቁጥር አላቸው፤ ማሽኑ አንድ መሆናቸውን ካልተማረ በቀር ለእርሱ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱን ጸ ከስድስቱ የሀ ዓይነቶች (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ጋር ብናባዛ ይህ አንድ ቃል ብቻ አሥራ ሁለት መልክ ይኖረዋል። በዚህ ላይ ቋንቋችን ቃሉን ብቻውን አይተወውም፤ ከፊቱ በ፣ ከ፣ ለ፣ የ፣ ስለ ይጣበቁበታል፤ ከኋላው ኡ፣ ኤ፣ ኦች፣ ን፣ ም ይቀጠሉበታል፤ «ስለመጽሐፎቻችንም» የሚለው ለኛ ስለ መጽሐፍ ነው፣ ፊደል ለፊደል ለሚያመሳስል ማሽን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አንዳንዱ አንባቢ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል፤ እርሱንም እያንዳንዱ በመሰለው ሆሄ።

እኔ የምጽፈው በምንጩ ሥርዓት ነው፤ መጽሐፍን ከጸሐፈ ስለማልለይ። ስለዚህ ገጹን በሁሉም ሆሄ ጽፌ ቃሉን እንደ ጠጠር ልበትነው ወይስ በያዝሁት ልጽና የሚለው ጥያቄ ብዙ አስጨነቀኝ። አንድ ጊዜ በገጹ ግርጌ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም አሥራ ሁለቱንም ልደረድር አስቤ ነበር፤ ይህን መሰሉ የተደበቀ ጽሑፍ በፍለጋ ሞተሮች ደንብ ማጭበርበር መሆኑን ሳነብ ተውሁት፤ ደንቡ ባይኖርም አሳፋሪ ነው። በመጨረሻ ያደረግሁት ቀላል ነው፤ በጽሑፉ መካከል አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርሁ፤ «ብዙ ሰው መፅሀፍ ብሎ የሚጽፈው ይህ ቃል» የሚል፤ ለአንባቢም ለማሽንም በግልጽ የሚታይ። እንዲያም ሆኖ ቅሬታ የለኝም። ኢትዮጵያዊው ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው ቅጂ ነው፤ ከዚያ በፊት በየፎንቱ ሠሪ ፈቃድ የተጻፉ፣ ወይም እንደ ፎቶ ተነሥተው የተለጠፉ ጽሑፎች በየትኛውም ሆሄ ቢጠየቁ መልስ አይሰጡም ነበር።

ከፈላጊው ጋር ስለተጣላንበት ጊዜ ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ አይሞላም። አንድ ዓመት የድረ ገጹን መልክ ስቀይር፣ ሥራው እስኪያልቅ የፍለጋ ሞተሮች ያልተጠናቀቀውን እንዳይመዘግቡ «ኖኢንዴክስ» የምትል አንዲት መስመር በየገጹ ራስጌ አስገባሁ። ሥራው አለቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግራፉ እንደ ገደል ተቈረጠ። በእነዚያ ቀናት የጻፍሁት ማስታወሻ ደብተር አሁንም አለኝ፤ አልጎሪዝም ተለውጦብኛል፣ ትንንሾች እየተገፉ ነው፣ ዓለም ስለ መጻሕፍት ማሰብ ትታለች እያልሁ አንድ ገጽ ተኩል አልቅሻለሁ። ለመጠገን ስሞክርም አጠፋሁ፤ በሮቦትስ ፋይል ውስጥ ያልገባኝን መስመር ጨምሬ ቦቶቹ ወደ ገጾቹ ጭራሽ እንዳይገቡ ዘጋሁባቸው። ማርታይን ኮስተር እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው፣ እስከ 2022 ድረስ እንደ ልማድ ሲሠራበት ቆይቶ በዚያ ዓመት መደበኛ ሰነድ የሆነው ይህ ፋይል ለቦት «አትግባ» ይላል እንጂ «አትመዝግብ» አይልም። ያልገባ ቦት በገጹ ራስጌ ያለውን ትእዛዝ አያነብም፤ ብሰርዘውም መሰረዙን አያይም። እኔ በሩን ዘግቼ ከውስጥ ሆኜ ለምን አይገቡም እያልሁ አለቅስ ነበር ማለት ነው። ሳላነሣት የረሳኋትን የኖኢንዴክስ መስመር ያገኘሁት በወሩ መጨረሻ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። እርሷንም፣ በሮቦትስ ፋይሉ የጨመርሁትንም ሰረዝሁ፤ ገጾቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ግን ለዓለም ይቅርታ የጠየቅሁበት ቦታ የለም።

በቅርብ ጊዜ ሌላ ለውጥ መጥቷል። የፍለጋው ገጽ ራሱ ከውጤቶቹ በላይ በማሽን የተጠናቀረ መልስ ማቅረብ ጀምሯል፤ ጎግል ይህን በስፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በአሜሪካ ነው። በኔ ኮንሶል ላይ የመታየት መስመሩ ሲወጣ የጠቅታው መስመር አብሮት የማይወጣበት ወር ገጥሞኛል። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልምልም፤ «መታየት» የሚባለውም ቢሆን ሰውየው እስከ ታች ሳይወርድ፣ ዐይኑ ሳያርፍብኝ፣ ስሜ በገጹ ላይ በመኖሩ ብቻ የሚቈጠር ነው። ከቀድሞ ልምዴ ተነሥቼ አንድ መስመር ስላዘነበለ ለቅሶ አልቀመጥም።

ውላችን አሁን እንዲህ ነው። ጠቅላላውን ቁጥር አላይም፤ ኮንሶሉ ሲከፈት ግራፉ ከላይ ስለሚመጣ ቶሎ ወደ ታች እወርዳለሁ። በወር አንድ ጊዜ ሰዎች የጠየቋቸውን ጥያቄዎች ብቻ ከላይ እስከ ታች አነብባለሁ፤ ገጼ የቀረበለትን ግን ያልመለሰውን ጥያቄ እፈልጋለሁ። በዚህ ዓይነት ንባብ ነው ባለፈው ጊዜ አንድ ነገር የያዘኝ። ወደ ረጠበው መጽሐፍ ማስታወሻ ከሚያመጡት ጥያቄዎች መካከል «ፀሐይ ላይ የደረቀ መጽሐፍ ተጣመመ»፣ «ፀሀይ ላይ ያሰጣሁት መፅሀፍ» የሚሉ ነበሩ። ማስታወሻዬን ደግሜ አነበብሁት። ማራገቢያ አለ፣ ወረቀት አለ፣ በረዶ ቤት አለ፤ ፀሐይ ላይ አታስጡ የሚል ግን የትም የለም። የረጠበ መጽሐፍ በቀጥታ ፀሐይ ወይም በሞቀ ነገር አጠገብ ሲደርቅ ሽፋኑና ገጹ እኩል ስለማይደርቁ እንደሚጣመም ሳውቀው የኖርሁት ነገር ነው፤ ለዚያም ሳይሆን አይቀርም መጻፉ ያልታየኝ። ያ ገጽ ስንት ዓመት ቁጥሬን ከፍ አደረገው፤ እኔም ስንት ጠዋት ተደሰትሁበት፤ ከመጡት መካከል መጽሐፋቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ፀሐይ የሄዱ እንዳሉ ግን ጥያቄዎቹ ይነግሩኛል።

በዚያው ቀን ማስጠንቀቂያውን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስገባሁ፤ ለተጣመመውም የደረቀውን መጽሐፍ ከክብደት በታች አስቀምጦ በትዕግሥት መመለስ እንደሚሞከር፣ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስም ጨምሬ ጻፍሁ። ሻጋታ የጀመረውን ከሌሎቹ ለይቶ ማስቀመጥና ሳይደርቅ አለመጥረግ እንደሚገባም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ገጹ የሚመጣው ሰው ቁጥር አልጨመረም፣ አልቀነሰምም፤ እርማቱን ያደረግሁበትን ቀን በግራፉ ላይ ፈልጌው ነበር፤ ከጎኖቹ ቀናት የሚለይበት ምንም ምልክት የለም።